መንዙማዬን የለቀቀው ማነው?

ጥቅምት 4
እንደወትሮው ሱቅ ከፈትኩ። አራት ባትሪ፣ አንድ የስልክ ሽፋን ተሸጠ። የመንዙማዬን ሚሞሪ የጠየቀ የለም! ጊደር ሸጬ፣ ደሴ ድረስ ወርጄ ያስቀዳሁት ሥራ፣ በወጣ በሳምንቱ አንድ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተለቀቀ። ማን እንደለቀቀው አላህ ይወቅ። ድረ ገጹ እንዲዘጋልኝ ጠበቃ ይዤ ፍርድ ቤት አመልክቻለሁ።

የሚያንገበግበኝ የኔው አይደለም። አባባ አርባ መንዙማ በቃላቸው ይዘዋል፣ አንዱም አልተቀዳም። ከኔው ሽያጭ በሚገኘው ገንዘብ እሳቸውን ላስቀዳ ነበር። ድምፃቸው እየደከመ ነው... እስከ መቼ ይጠብቀኛል?

ጥቅምት 9
ድረ ገጹ ተዘጋ! ጠበቃው ደወለ፤ «ከዛሬ ጀምሮ አይከፈትም» አለኝ። ሞከርኩት፣ እውነትም እምቢ አለ። አልሐምዱሊላህ! ባለቤቴ ፈውዚያ እልል አለች።

ጥቅምት 11፣ ገበያ
ሞንታርቦ ተከራይቼ ገበያው መሃል ቆምኩ። የድረ ገጹን ስም እየጠራሁ፣ «ከዚያ የምትሰርቁ ሁሉ፣ ተዘግቷል! ኦሪጅናሉ እኔ ጋ ነው!» ሃያ ጊዜ ብያለሁ። ጉሮሮዬ ደረቀ። ስድስት ሚሞሪ ሸጥኩ።

ጥቅምት 12
አጃኢብ! ጎን ያለው ሱቅ፣ ፊልም የሚጭነው አዩብ፣ ስልኩን አሳየኝ። ያው ድረ ገጽ! ስሙ ላይ አንድ ቁጥር ተጨምሮበት ቁጭ ብሏል።
«አሮጌውም ቢሆን በቪፒኤን ይከፈታል» አለኝ እየሳቀ። «ትናንት ስሙን ባትጠራው እኮ ግማሹ ገበያ አያውቀውም ነበር። ስንቱ እንዴት እንደሚከፈት ሲጠይቀኝ ዋለ!»
በራሴ አፍ! በራሴ ሞንታርቦ! ምን ዓይነት ጅል ነኝ?

ጥቅምት 13
ምግብ አልበላ አለኝ።

ጥቅምት 15
አባባ ዘንድ ሄጄ ሳማርር ሰሙኝና፣ «እኔ ነኝ ያስለቀቅሁት» አሉ።
«ምን አሉኝ?»
«ሚሞሪህን ለአዩብ ሰጠሁት። ሰው ሁሉ የሚሰማበት ቦታ አድርግልኝ አልኩት። መንዙማውን የሰጡኝ ሸህ፣ የጠየቀህን እንዳትከለክል ብለውኛል። ጥፋት ነው እንዴ፣ ዑበይዳ?»
ያ ረቢ! ጠበቃ፣ ፍርድ ቤት፣ ሞንታርቦ... ሌባዬ አባቴ! አዩብም እያወቀ ነው የሳቀብኝ። ልጮህ ነበር። ፊታቸውን ሳይ አቃተኝ። እሳቸው እኮ ያከበሩኝ ነው የመሰላቸው።

ጥቅምት 18
አባባን በስልኬ ቀዳኋቸው። ስቱዲዮ የለ፣ ምን የለ። ሁለተኛው ላይ ሳል ያዛቸው፣ ሦስተኛው ላይ ዶሮ ጮኸ። ሠላሳ ሰባት ቀረን።
ሲጨርሱ፣ «በል ለአዩብ ስጠው» አሉኝ።
«አባባ፣ ይሄንንስ እኔው እለቀዋለሁ።»
የት? እዚያው፣ ያስዘጋሁት ላይ። ሰው ያለው እዚያ ነው፤ ያመጣሁትም እኔ ነኝ። ቪፒኤን እንዲጭንልኝ ስልኬን ለአዩብ አቀበልኩት።
አሁን አልሳቀም።