ቻናል አምስት፣ ቻናል ስድስት

ኅዳር 8
ዛሬም የኮምፒውተር ክፍሌ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ከነጋ አራት ጊዜ! ከኮሌጁ አጥር ማዶ ያለው እጅጉ ሆቴሉ ላይ ዋይፋይ ከተከለ ወዲህ ሰላም የለኝም። የሁለታችንም ዋይፋይ በአንድ የአየር መስመር፣ በቻናል ስድስት ላይ ነው። እኔ ቀድሜ ነበርኩ። "አየሩን ገዝተኸዋል እንዴ?" አለኝ። ሳቀ ደግሞ። ምን ዓይነት ሰው ነው?

ኅዳር 11
የራውተሬን ኃይል እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩ። ይቅመሳት።

ኅዳር 14
እሱም ከፍ አደረገ... አሁን የኔም አይሠራ፣ የሱም አይሠራ።

ዘርትሁን መጣች። የቋሪት ልጅ፣ የመውጫ ፈተና አንድ ጊዜ የወደቀች። አሁን ካላለፈች ዲግሪ የለም። "መምህር ወንዳወቅ፣ የፈተናው ቀንም እንዲህ ነው?" የምትፈተንበት ክፍሌ የኢንተርኔት ገመድ የለውም፣ ሃያውም ላፕቶፕ በዋይፋይ ነው። አይሆንም አልኳት። በምን ተማምኜ?

ኅዳር 19
ሽማግሌ ተቀመጠ። አለቃ ወልደ ዮሐንስ፣ ዕድሜያቸውን የእርሻ ድንበር ሲያካልሉ የኖሩ። "እንግዲያው እስከ አምስት ያንተ፣ ከስድስት ወዲያ የእጅጉ።" እኔ አምስትን ያዝኩ፣ እሱ ስድስት ላይ ቀረ።

መሬት አይደለም እኮ። ጎን ለጎን ያሉ ቻናሎች ይደራረባሉ። ሁለት ራውተሮች አንድ ቻናል ላይ ሲሆኑ ቢያንስ ተራ ይጠባበቃሉ፣ ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን እኩል ይጮሃሉ። አውቃለሁ። አልተናገርኩም። የኔ ራውተር ይበረታል፣ የሚጎዳው እሱ ነው። እሰይ!

ኅዳር 26
የሙከራ ፈተና። አሥራ አንደኛው ጥያቄ ላይ ሃያውም ስክሪን ቆመ። ዘርትሁን እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። "ምን ነካሁ?" አለች። ፊቷን ማየት አቃተኝ።

ኅዳር 27
አለቃ ቤት ሄድኩ። እጅጉም ተጠራ። ሁሉንም ተናገርኩ።

"አውቀህ ነው ዝም ያልኸው?"

"አዎ፣ አለቃ።"

"ድንበር የሚገፋ ስንቱን አይቻለሁ። ሽማግሌ አሳስቶ የሚያስገፋ ግን ዛሬ ገና አየሁ።"

አፈርኩ። እንዳንነካካ ተራራቅን፤ እኔ ወደ ቻናል አንድ፣ እሱ ወደ አሥራ አንድ። ኃይሉንም ሁለታችን ቀነስን። እጅጉ ሳይሰናበተኝ ወጣ።

ጥር 22
ፈተናው አለቀ። አንዴም አልተቋረጠም። ዘርትሁን የመጨረሻውን ጥያቄ መልሳ ወጣች።

ጠዋት ስልኬ ላይ ስፈትሽ የእጅጉ ዋይፋይ የለም። ፈተናው እስኪያልቅ አጥፍቶት ነበር። ማን ጠየቀው? ተናደድኩ። ከሰዓት አጥሩ ጋ አገኘሁት። "ለምን አጠፋኸው? አሥራ አንድ እኮ እኔን አይነካኝም ብዬሃለሁ!"

"አንተ ያልኸውን አምኘ የሰው ልጅ ላስወድቅ?"