ሐይቅ ዳር ያስቀረጽኩት ቪዲዮ

ይድረስ ጂዳ ላለሽው ልጄ ለዚነት። አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ የረገጥሽውን ያለምልምልሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጤፉ ታጭዷል፤ ላሟም ወልዳለች።

የጎረቤታችን ልጅ ናዲያ፣ ጡረታ የወጣችው መዳምሽ በየአትክልት ቦታውና በየእንስሳት ማቆያው እየዞረች የምታስቀርጸውን ቪዲዮ በስልኳ አሳየችኝ። ቀጭኔ ስታበላ አየኋት። ማሻአላህ፣ በዚህ ዕድሜዋ ፊቷ አልተጨማደደም፤ እሳት ያልገረፈውን ፊት ምን ያጨማድደዋል! የምትቀርጪው አንቺ ስለሆንሽ አትታዪም። እርጥቡ ደረጃ ላይ ስትደርስ ግን ድምፅሽን ሰማሁ። "ቀስ በይ፣ እምዬ" አልሻት። በአማርኛ! እሷም ገብቷት ቀስ አለች።

ዚነት፣ ለእሷ "መዳም" አይበቃትም? እምዬ እኮ እኔ ነኝ። መካ ይዘሻት ስትሄጂም በዱዓሽ ማንን እንደምታስቀድሚ እንጃ!

እኔስ ከማን አንሼ ብዬ አዲሱን ቀሚሴን ለበስኩና ሐይቃችን ዳር ወረድኩ። ወፎቹን እያሳየሁ ናዲያ ቀረጸችኝ። የሚያንሸራትተው ድንጋይ ጋ ስደርስ ቆም ብዬ ወደ ኋላ ዞርኩ። "ምነው አክስቴ፣ ደከመሽ እንዴ?" አለችኝ እንጂ ሌላ ነገር አላለችኝም።

አላህ በሰላም ያገናኘን። ለሴትዮዋም ዕድሜ ይስጣት፤ ከእኔ አይብለጥ እንጂ። ቪዲዮውን ናዲያ ልካልሻለች። አደራሽን፣ ስታዪው ድንጋዩ ጋ ስደርስ፣ እኔ ባልሰማሽም፣ "ቀስ በይ፣ እምዬ" በይኝ።

እናትሽ