የእትዬ አፀደ ጉርሻ

መጋቢት 30፣ ረቡዕ
ምሳ ሽሮ። ሱቅ ያለነው ሁሉ ሽሮ። ጾም እወዳለሁ... ለጽድቅ ብዬ አይደለም። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ «እንቁላል ለምን አትበላም?» የሚለኝ የለም። ከፋሲካ በኋላ ያው ጣጣ። አለቃዬ ታሪኩ «አለርጂ የፈረንጅ በሽታ ነው» ይላል። ጉሮሮዬ ሲዘጋ አላየ።

ሚያዝያ 3፣ ቅዳሜ
ለዳግም ትንሣኤ እጮኛዬ ሚካል ቤት ተጠርቻለሁ፣ ፉሪ። ሽማግሌ ከላክን ወዲህ የመጀመሪያዬ።
«ስለ እንቁላሉ ንገሪያቸው» አልኳት።
«በናትህ ሲራክ! ገና ከመጀመሪያው በሽተኛ ነው እንዲሉህ? አጠገብህ ነኝ እኮ። ከመጣ እኔ እከለክልልሃለሁ።»
እማዬም ያንኑ። «ሰርጉ ይለፍ።»
እሺ አልኩ። ለምንድን ነው ሁልጊዜ እሺ የምለው?

ሚያዝያ 12፣ ሰኞ
ክሊኒክ ተኝቼ ነው የምጽፈው።
ትናንት ዶሮው ቀረበ። እኔ ጥብሱን ብቻ እየነካካሁ ነበር። የሚካል እናት እትዬ አፀደ ተነሱ። እንቁላል ለሁለት ከፍለው ግማሹን በእንጀራ ጠቀለሉ። ለአማች ክብር ነው። «አፈር ስሆን!» ቤት ሙሉ ሰው ያየኛል። ሚካልን አየኋት። ሰሐኗን ታያለች።
ዋጥኩት።
«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሌላውን ግማሽ ደገሙኝ። እሱንም! ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላኝ ሰውዬ...
ከዚያ ከንፈሬ፣ ምላሴ፣ ጉሮሮዬ። አጎቷ ጋሽ ግዛው በመኪናቸው አከነፉኝ። ሐኪሟ መርፌ ወግታኝ ትንፋሼ ሲመለስ «እያወቅህ ነው የበላኸው?» አለችኝ።
አዎ። እያወቅሁ። ይሉኝታ ሊገድለኝ።

ሚያዝያ 14፣ ረቡዕ
ቤት ገባሁ። «የሚጥል በሽታ አለበት» እየተባለ ነው አሉ። እትዬ አፀደ ደውለው አለቀሱ። «ምነው ብትነግረኝ ልጄ? እኔ ወላድ አይደለሁም?» እሳቸውን መቀየም አልቻልኩም። ያከበሩኝ መስሏቸው ነው።

ሚያዝያ 18፣ እሑድ
ሚካል ብርቱካን ይዛ መጣች። ስለ አዳራሽ፣ ስለ ሚዜዎች ልብስ አወራች። እስክትጨርስ ጠበቅኳት።
«የእናትሽ እጅ ወደ አፌ ሲመጣ አይተሻል?»
ብርቱካኑን በእጇ አገላበጠች።
«ሚካል፣ አይተሻል?»
«አይቻለሁ... ሰው ሁሉ እያየን ነበር እኮ። ትንሽ ቢያሳክከው ነው ብዬ...»
ትንሽ ቢያሳክከው! በዘጠኝ ዓመቴ እንቁላል በልቼ ሞቶ ተረፈ እንደተባልኩ ነግሬያታለሁ። እጄን ይዛ አልቅሳ ነበር ያን ቀን።
ልጮህባት ፈልጌ አቃተኝ። እኔስ ምን ለየኝ? እኔም ሰው ፈርቼ ነው የዋጥኩት። ግን እኔ በራሴ ነፍስ ነው የቀለድኩት። እሷ በእኔ።
«ይቅርብን» አልኳት። ብርቱካኑን እንኳ ከእጇ ሳታስቀምጥ ሄደች። እማዬ ከጓዳ ሮጣ መጣች። «ሽማግሌዎቹን ምን ልንላቸው ነው?»
«እኔው እነግራቸዋለሁ።»
ለዋናው ሽማግሌ፣ ለጋሽ ደምሰው፣ ደወልኩ። ሰርጉ ቀርቷል አልኳቸው። «ሰው ምን ይላል?» አሉኝ።
የፈለገውን ይበል፣ አልኩ። በሕይወቴ መጀመሪያዬ ይሆናል።
እወዳታለሁ። አሁንም። ግን አጠገቧ ተቀምጬ እንዴት አድርጌ እበላለሁ?