ሊበራል የተባልኩበት ሳምንት

ማክሰኞ

ሊበራል አሉኝ! እኔን፣ ሰይድን፣ ጁምዓ ኪቡሊ መስጊድ ሄዶ ሳይሰግድ የማያልፈውን ሰውዬ። ያውም በሰው ፊት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ጠዋት የሰላም አማት አረፉ። ሰላም እዚህ ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር፣ ከሱቄ ማዶ ፀጉር ቤት ያላት ልጅ ናት፤ ባሏ ጆሴፍ ኡጋንዳዊ ነው። እድራችን አንድ አባል አማት ሲሞትበት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያወጣል። ሙስሊም ክርስቲያን ሳንል አንድ ላይ ያቋቋምነው እድር ነው። ሊቀመንበሩ ጋሽ መኩሪያ ግን ኮሚቴውን ሰበሰቡና እድሩ የሐበሻ ነው፣ እነሱ የራሳቸው ወገን አላቸው አሉ። እኔም ሞት ፓስፖርት ይጠይቃል ወይ አልኩ። ልጅቷ መዋጮ ስትከፍል ሐበሻ፣ ስታለቅስ ኡጋንዳዊት ልትሆን ነው? ያኔ ነው "አንተ ደግሞ ሊበራል ሆነሃል" ያሉኝ። ሌሎቹ ሳቁ። ደሜ ፈላ። ምን እንደተባልኩ እንኳ አላውቅማ!

ረቡዕ

ቃሉን ድሮ አገር ቤት በቴሌቪዥን እሰማው ነበር። ኒዮ ሊበራል፣ ኒዮ ሊበራል ሲሉ አንዳች የአንበጣ መንጋ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ምግብ ቤት ያለውን ጓደኛዬን ተፈራን ጠየቅኩት፤ ሃይማኖት የሌለው ማለት ነው አለኝ። አስተግፊሩላህ። አንድ ደንበኛዬ ደግሞ መንግሥት እጁን ከኪሴ ያውጣ የሚል ነጋዴ ነው አለኝ። እንደሱ ከሆነማ ካምፓላ በሙሉ ሊበራል ነው።

ከሰዓት ልጄ ሐያት ሱቅ ስትመጣ ጠየቅኳት። ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካ ነው የምትማረው። ሰው በራሱ ኑሮ ራሱ ይወስን፣ ሕግም ለሁሉም እኩል ይሁን የሚሉ ናቸው አለችኝ። ታዲያ ይሄ ምኑ ነው ስድብ? እሰይ አልኩ። "ሌላም አለው አባዬ" አለች፤ "የምትጠላውም ሰው መብት አለው።" እሱን እንዳልሰማ አለፍኩት።

የእድሩ ድንኳን የሚቀመጠው እኔ መጋዘን ነው። ከፈትኩት። አንድ ደንበኛዬን ፒክአፑን ለመንኩትና ናካዋ ሰፈር ወስደን ጆሴፍ ቤት ደጃፍ ተከልነው። ወንድ የሆነ ይምጣና ይንቀለው!

ሐሙስ

ቀብሩ መንደራቸው ስለሆነ አስከሬኑ ነገ ይሄዳል። ማማ ጄን ነበር የምንላቸው፣ እወዳቸው ነበር። ማቶኬ የሚሉት የሙዝ ቅቅል ላይ ሚጥሚጣ ነስንሰው የሚበሉ ሴት ናቸው፤ ሚጥሚጣውንም ከእኔው ይገዙ ነበር። ሰላም እጄን ይዛ አለቀሰች።

ጋሽ መኩሪያ የድንኳኑን ወሬ ሰምተው ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ጻፉ። "ለወንድ ብላ ወገኗን የሸጠች ከዛሬ ጀምሮ አባላችን አይደለችም።" አማቷ ገና ሳይቀበሩ! ስልኩን ከግድግዳ ጋር ላላትመው ነበር። እሳቸውን ማን አነገሣቸው? ኧረ የት አባታቸው!

አርብ

ከጁምዓ ስመለስ የእድሩ ወጣቶች ሱቅ ደጃፍ ቆመው ጠበቁኝ። እሁድ ጠቅላላ ስብሰባ ይጠራና ጋሽ መኩሪያ ከእድሩ ይባረሩ ይላሉ። እጅዎን ያወጣሉ አይደል ጋሼ አሉኝ። አንድ እጅ ብቻ? ሁለቱንም ነው የማወጣው አልኳቸው። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ቅዳሜ

ደስታዬ አላደረም። ጋሽ መኩሪያ እዚህ አገር ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው። ከእድር የተባረረ ሰው ሲሞት ማን ያነሳዋል? ባለቤቴ ኪቡሊ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ሾርባ ያመላለሱልኝም እሳቸው ናቸው። ይሄን መጻፍ አልፈለግኩም ነበር፤ እየተናደድኩ ነው የጻፍኩት።

ሰላም ላይ የሠሩት ግፍ ነው፣ አራት ነጥብ። ግን እኛስ ነገ ምን ልናደርግ ነው? አንተ ከእኛ አይደለህም፣ ብቻህን ሙት ልንላቸው ነው። እሳቸው ያሉትም ያንኑ ነው። ምነው ሐያትን ባልጠየቅኳት! አለማወቅ እንዴት ያለ እረፍት ነበር።

እሁድ

መጀመሪያ የሰላም ጉዳይ ታየ። አባልነቷ ጸና፤ የባልም የሚስትም ቤተሰብ፣ የየትም አገር ሰው ይሁን፣ እኩል ይቆጠራል ተባለ። አልሐምዱሊላህ። ቀጥሎ ጋሽ መኩሪያ ይባረሩ የሚለው መጣ። እሳቸው ጥግ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። እጅ በእጅ ላይ ወጣ። የሰላምም እጅ ወጥቷል።

ተነሳሁ። እየተናደድኩ ነው የተናገርኩት።

"ከሊቀመንበርነት ይውረዱ፣ ይቅርታም ይጠይቁ። ቀብር ግን አንከለክላቸውም። ለሰላም የተሟገትኩት ስለማዝንላት አይደለም፣ መብቷ ስለሆነ ነው። እሳቸውን ደግሞ ጭራሽ አልወዳቸውም።"

አንዱ ወጣት ከዳኸን አለኝ፣ አንቱታውንም ትቶ። ተጨቃጨቅን፣ ተሰዳደብን። እንደገና ድምፅ ሲሰጥ ሰላም እጇን አላወጣችም፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። በጥቂት ድምፅ ብልጫ ሳይባረሩ ቀሩ፣ ሊቀመንበርነቱን ተነጠቁ። ይቅርታ ጠይቁ ሲባሉ ኮታቸውን አንስተው ወጡ።

ሰኞ

ሰላም ጠዋት በርበሬ ልትገዛ መጣች። "ልክ ነዎት ጋሼ" አለችኝ፤ "ግን ተቀይሜዎታለሁ።" ተቀየሚ አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ።

እንግዲህ ሊበራል ነኝ? እንጃ። ከሆንኩም ማንም ደስ የሚል ነገር ነው እንዳይለኝ። የምትወደውን ታስቀይማለህ፣ የምትጠላውን ትሸከማለህ፣ ምሳም ከጉሮሮህ አይወርድልህም።

ረፋድ ላይ ጋሽ መኩሪያ በሱቄ ደጅ አለፉ። ስንት ሰው የተቀየመኝ ለእሳቸው ቀብር ብዬ ነው። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ቀርቶ ደህና አደርክ ሳይሉኝ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሄዱ። መብታቸው ነው አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።