አንድ ፊደል ስለጎደለው ማስጠንቀቂያ

ለተከበሩ የምርምር ማዕከሉ ዋና ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? በተለይ ዓይንዎ ደህና ነው? እኔ ቤተ ሙከራዎን ሃያ ሁለት ዓመት ያጸዳሁ፣ ጠርሙሶችዎን ያጠብኩ ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዓመቴ ነው፤ ያስቆጠረችኝም እዚያው ማዕከልዎ ተመራማሪ የነበረችው ልጄ ናት።

ሥራዋን ስታስረዳኝ፣ ከመኪናና ከፋብሪካ የሚወጣውን፣ ማንም የማይፈልገውን ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ሃይድሮሲሌን የሚባል ፈሳሽ የራሱን ሃይድሮጅን እየሰጠ ነዳጅ ወደሚሆን አልኮል ለመለወጥ ይረዳል ትለኝ ነበር። ሁለቱን የሚያገናኘው ካታሊስት ይባላል። «እማዬ፣ ኮሚሽን የማይቀበል ደላላ በይው፤ ሁሉን ለውጦ እሱ እንደገባ ይወጣል» ብላ አስቃኛለች።

ቅሬታዎቼን በአክብሮት ላቅርብ።

1. ትርፍራፊው ሃይድሮሲሌን በጠርሙስ ሲጠራቀም ጋዝ ያወጣል ብላ ልጄ ስለነገረችኝ፣ በገዛ እጄ «ክዳኑን አጥብቃቹ አትዝጉ» ብዬ ጽፌ ለጥፌበት ነበር። እንግዶች የመጡ ዕለት እርስዎ አይተው «እማማ፣ ‹አጥብቃችሁ› ነው የሚባለው፤ እንግዳ ፊት ሊያዋርዱን ነው እንዴ?» ብለው ወረቀቱን ቀደው ጣሉት። ስላረሙኝ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያቺን ፊደል ረስቼ አላውቅም።

2. ሽታው እንግዶቹን እንዳያውክ ክዳኑ ጥርቅም ተደርጎ እንዲዘጋ አዘዙ። በማግስቱ ልጄ ስታነሳው ጠርሙሱ ፈነዳ። ሁለቱም ዓይኖቿ ጠፉ። ይህን ቅሬታ ማስረዘም አልቻልኩም።

3. ሪፖርትዎ «ጠርሙሱ ላይ ማስጠንቀቂያ አልነበረም፤ ጥፋቱ የተመራማሪዋ ነው» ይላል። እውነትዎን ነው፣ ጠርሙሱ ላይ አልነበረም። ቅርጫትዎ ውስጥ ነበር። ቅርጫቱን የምደፋው ደግሞ እኔ ስለሆንኩ፣ ወረቀቱ ከነግድፈቱ እጄ ላይ ይገኛል። የምለምንዎ የልጄን ስም ከዚህ ጥፋት እንዲያወጡልኝ ብቻ ነው። ስለ ፊደሉ እኔን ይቅጡኝ።

አሁን የምርምር ደብተሯን የማነብላት እኔ ነኝ። ጣቴን ከመስመሩ ሳላነሳ፣ ቀስ እያልኩ አነባለሁ፤ እሷም እንደ ድሮው ትታገሰኛለች። «ካታሊስት» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ግን ማስረዳት አያስፈልጋትም። በእጅዎ ይህ ሁሉ ተለውጦ እርስዎ እንደገቡ ሲወጡ ስላየሁ፣ ነገሩ በደንብ ገብቶኛል።

ሃያ ሁለት ዓመት ያጸዳሁት ወለል እንደ ሪፖርትዎ ንጹሕ ሆኖ እንዲኖርልዎ እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ፣
ጠርሙስ አጣቢዋ

ማስታወሻ፦ የላኩልን የማጽናኛ ካርድ ደርሶናል። በእጅ ጽሑፍዎ «አይዟቹ» ይላል። አልቀደድኩትም። ለልጄ ሳነብላት ግን አርሜ ነው ያነበብኩላት።