በቆርቆሮ የታጠረው የገብርኤል መተላለፊያ

ለወይራ ሜዳ ታዳጊ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሥራ አስኪያጅ
ወይራ ሜዳ፣ ጋይንት
ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የተዘጋው የእግር መንገድ እንዲከፈትልን ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በልብስ ስፌት የምተዳደር የከተማው ነዋሪ ስሆን፣ ጽ/ቤቱ ከተማችንን በፕላን ለማስዋብ የደከመውን ሳላመሰግን ወደ አቤቱታዬ ብገባ ነውር ይሆንብኛል። ዋናው መንገድ በእውነት ሰፍቷል። ሁለት የጭነት መኪና ጎን ለጎን ቢያልፍበት አይነካካም፤ እስካሁን ግን ሁለት ባንድ ላይ ሲመጣ አላየንም።

1. ከሰፈራችን ወደ ገብርኤልና ወደ ገበያው የሚያደርስ፣ በጓሮዎች መሐል የሚያልፍ ጠባብ መንገድ ነበረን። ማንም አልሠራውም፤ እግር ያወጣው ነው። ባለፈው ክረምት ቦታው ለአረንጓዴ ልማት ተፈልጎ ከሁለቱም ጫፍ በቆርቆሮ ታጠረ። አረንጓዴው እስካሁን አልደረሰም። የፕላን ባለሙያውን ብጠይቃቸው «ፕላኑ ላይ መንገድ የለም» አሉኝ። እኛም በሌለ መንገድ ዕድሜ ልካችንን ስንመላለስ መኖራችንን ያን ዕለት አወቅን።

2. በዋናው መንገድ ዞራችሁ ሂዱ ተብለናል። እርግጥ ለእግረኛ ተብሎ የተነጠፈ ንጣፍ አለ፤ የእህል ነጋዴዎች ጆንያ ደርድረውበታል። ጆንያውን ያለፈ ሰው ደግሞ ክዳንም መሻገሪያም የሌለው የጎርፍ ቦይ ይጠብቀዋል። ወጣቱ ይዘለዋል፤ ሽማግሌው ባጃጅ ይጠራል። ድሮ እያወጋ በእግሩ ቅዳሴ ይሄድ የነበረ ሰፈር ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ተጨናንቆ ይሄዳል። እኔም ሲያልፍ ጎራ ብሎ ሱሪ የሚያሳጥር ደንበኛ ቀርቶብኛል፤ ይህ የግል ጉዳዬ ስለሆነ አላነሳውም።

3. የማነሳው የባለቤቴን የወ/ሮ ደጊቱን ጉዳይ ነው። ስኳር አለባት። ሐኪም በየቀኑ በእግርሽ ሂጂ ብሏታል። ያለ ሐኪምም ትሄድ ነበር፤ ጠዋት ገብርኤልን ተሳልማ፣ ከመንገዱ ማዶ የምትኖረውን እህቷን ላቀችን ጠይቃ ነበር የምትመለሰው። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ አንድ ቀን ዞራ ልትሄድ ሞክራ ቦዩ ውስጥ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ከደጃፋችን አትርቅም። እግሯ አብጧል፣ ስኳሯም አልወርድ ብሏል። እህትማማቾቹ በቆርቆሮው ወዲያና ወዲህ ሆነው እየተጯጯሁ ስለሚያወሩ ገመናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። «በእግር በመሄድ ጤናችንን እንጠብቅ» የሚለው ማስታወቂያ የተለጠፈውም በዚሁ ቆርቆሮ ላይ ነው። ለጣፊውን ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር።

4. ስለዚህ አረንጓዴ ልማቱ ይቅር አላልኩም። ከሁለቱም ጫፍ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ብቻ እንዲፈቀድልን እጠይቃለሁ። ምስማሩን ራሴ እነቅላለሁ፤ ቆርቆሮውንም ለጽ/ቤቱ አስረክባለሁ።

5. «አይቻልም» እንዳልባል ይህን ላስታውስ። በጥቅምት ጎረቤታችን አቶ ጓዴ ባረፉ ጊዜ፣ ካህናቱ አስከሬኑን እያሳረፉ ፍትሐት የሚያደርሱት በዚያው በድሮው መንገድ ስለሆነ፣ እድሩ አመልክቶ ጽ/ቤቱ በዕለቱ ፈቀደ። ቆርቆሮው ተነሣና ቀባሪው ሁሉ አለፈ። ደጊቱም ምርኩዟን ይዛ አለፈች፤ ስትመለስም እህቷ ቤት ጎራ ብላ መጣች። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ከቀብር ስትመለስ እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። በማግስቱ ቆርቆሮው ተመልሶ ተመታ።

እንግዲህ መንገዱ ሊከፈት እንደሚችል ሁላችንም አይተናል፤ የከበደን መስፈርቱ ነው። ባለቤቴ ቤት ከዋለች ወዲህ መስፈርቱን ለማሟላት እየተቃረበች ነው። ክቡርነትዎ በእግሯ ማለፍ የምትችል ሳለች እንዲከፍቱላት እለምናለሁ።

ከእግረኛ ሰላምታዬ ጋር

(ፊርማ)
እሱባለው ዋለ