አማቴ የነቀሉት ደበርጃን

ሰኞ፣ ጥቅምት 1995 ዓ.ም.
ሁሉንም ነቅለዋቸዋል። አንድም አልቀረ። ከሥራ ስመለስ ደበርጃኖቼ አጥሩ ሥር ተከምረው ጠውልገዋል። አበባ ይዘው ነበር እኮ! ዘሩን የሰጠኝ የሆቴላችን ወጥ ሠሪ "ካፈራልህ እኛው እንወስደዋለን" ብሎኝ፣ ላሊበላን ሙሉ ጉራ ነዝቼበታለሁ።

አማቴ እማማ ዘነቡ፣ እጃቸው አፈር እንደሆነ፣ ፈገግ ብለው "እምቧይ ጓሮህን ወርሶት፤ አጸዳሁልህ" አሉኝ። ባለቤቴ አልጋነሽ ወልዳ ሊያርሷት ከፍላቂት የመጡ ሴት ናቸው። ደበርጃን የሚባል የፈረንጅ አትክልት የት ያውቃሉ? ቅጠሉም አበባውም ቁርጥ እምቧይ ነው።

እኔ ግን "አንቺ ሴትዮ፣ ማን ንኪ አለሽ?" ብዬ ጮህኩ። አንቺ! ጎረቤት በአጥር ብቅ አለ።

ማክሰኞ
ለአልጋነሽ ገንፎ አገነፉላት። ለእኔም አቀረቡልኝ። "ይብሉ" አሉኝ። ይብሉ! እስከ ትናንት "አንተ ልጄ" ነበርኩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ
አልጋነሽ አታናግረኝም። ሕፃኑን አቅፋ ወደ ግድግዳው ዞራለች። ማምሻውን ብቻ፣ "እናቴን ለቅጠል?" አለችኝ።

ወጥ ሠሪው ስለ ደበርጃኑ ጠየቀኝ። "አልያዘልኝም" አልኩት። "ተወው፣ ሌላ ዘር እሰጥሃለሁ" አለና ወደ ሥራው ዞረ። ነገሩ ይኸው ነበር። ይህችን ታህል።

ሐሙስ
ድንጋይ ተሸክሜ እማማ ዘነቡ ፊት ተንበረከክኩ። "አጥፍቻለሁ፣ ይማሩኝ።"

ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

"አውርደው። ለእግዜር ብዬ ምሬሃለሁ።"

እግራቸውን ልስም ስል ትከሻዬን ያዙኝ። "እኔስ አርጅቻለሁ፣ ምን እሆናለሁ? ልጄ ከአራስ ቤት ሆና መስማቷ ነው የከፋኝ። እኔ እዚህ እያለሁ እንዲህ ካልኸኝ፣ ስሄድማ እሷን ምን ትላት ይሆን?"



ቅዳሜ
"ገብሱ ደርሷል" ብለው ተነሡ። እስከ ክርስትናው ሊቆዩ ነበር የመጡት። ዕቃቸውን ተሸክሜ መኪና ድረስ ሸኘኋቸው። ጋሸና ወርደው ሌላ ይይዛሉ።

"ለክርስትናው ይመጣሉ አይደል፣ እማማ?"

"እግዜር ያውቃል" አሉና ጉንጬን ሳሙኝ።

ቤት ስገባ አልጋነሽ ቁጭ ብላ ትጠብቀኝ ነበር። "እመጣለሁ አለች?"

"አዎ" አልኳት።

አላሉም። ፍላቂት ድረስ ሄጄ ለምኜ ማምጣቴ ነው እንግዲህ። እሺ ካሉኝ።